የፀሐይ መከላከያ ቅባት፤ ጌጥ ወይስ መድኃኒት?

በፀሐይ ጊዜ ጃንጥላ መዘርጋት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ዳሩ ግን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ሲነሣ ብዙው ሰው እንደ መዋቢያ ዕቃ ይቈጥረዋል፤ ጥቁር ቆዳን ፀሐይ አይጎዳውም የሚለውም አስተሳሰብ የጸና ነው።

ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም የተፈጥሮ ጋሻ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ጋሻ ለሁሉ እኩል አልታደለም። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ቀለሙ ስለሚያንሳቸው፣ ከልጅነት ጀምሮ የተደራረበው ቃጠሎ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣባቸው ይችላል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚያይል፣ የደጋው ነፋስ ቢያቀዘቅዝም ከጨረሩ አያስጥልም።

የሕዝብ አስተሳሰብ ግን ሊለወጥ ይችላል። በአውስትራልያ በ1981 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ዘመቻ ሕዝቡ ሸሚዝ እንዲለብስ፣ ቅባት እንዲቀባና ባርኔጣ እንዲደፋ ተመከረ። ዛሬ በዚያ አገር በተለይ ለፀሐይ መከላከያነት የሚሸጥ፣ የመከላከያ ቍጥሩ 15 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቅባት ከሸቀጥና አገልግሎት ግብር ነጻ ነው።

እንግዲህ አስመጪውና መድኃኒት ሻጩ ቍጥሩ ከ30 የማያንሰውን፣ ጊዜው ያላለፈበትን ቅባት በመጠነኛ ዋጋ ቢያቀርቡ፣ ባርኔጣ ሠሪውም ጠርዙን ቢያሰፋ፣ ንግዳቸው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ነፍስም ያተርፋል።