ውድድር ሲደርስ ልምምድ መቀነስ ፎርም ያወርዳል እንዴ?

ታላቁ ሩጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አስፋልቱ ላይ የምናየው ነገር ግርም ይላል። ዓመቱን ሙሉ ያልሮጠው ሁሉ ያኔ ነው ጠዋት ማታ የሚሮጠው። እሱስ ቢበዛ እያነከሰ ይጨርሳል። እኛን የሚያሳስበን ክለብ ለመግባት አንድ ማጣሪያ ብቻ የሚጠብቀው ልጅ ነው። "ካረፍኩ ፎርሜ ይወርዳል" ብሎ እስከ መጨረሻው ቀን ራሱን ይገድላል፣ ከዛ መነሻው መስመር ላይ ደክሞ ይቆማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልምምድ በራሱ ያደክማል እንጂ አያጠነክርም። የሚያጠነክረው ከልምምዱ በኋላ ሰውነት ራሱን ሲጠግን ነው። ለወራት ከባድ ስትሰሩ ጥንካሬውም ድካሙም አብረው ይጠራቀማሉ። ስትቀንሱ ድካሙ በቀናት ውስጥ ይወርዳል፣ ጥንካሬው ግን ቶሎ አይጠፋም። የተጎዳው ጡንቻ ያገግማል፣ ግላይኮጅን የሚባለው የጡንቻ ስንቅም ይሞላል።

ስንት ይቀነስ? በሰለጠኑ አትሌቶች ላይ የተሰሩ ጥናቶች የሚመክሩት ለሁለት ሳምንት ገደማ የሚሮጠውን ኪሎ ሜትር ከ40 እስከ 60 በመቶ መቀነስ ነው። በሳምንት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ወደ 50 ይወርዳል ማለት ነው። ፍጥነቱ ግን አይነካም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ቀነስኩ ብሎ ሁሉንም ሶምሶማ ያደርገዋል። ስፒድ የምትሰሩበት ቀን ይቀጥል፣ 10 ዙር የነበረው 5 ይሁን፣ ሰዓቱ ግን ያው። የልምምድ ቀናቱንም ብዙ አትቀንሱ። ጭራሽ መተኛት ሌላ ነገር ነው።

ትርፉ በአማካይ 2 በመቶ አካባቢ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? 10 ኪሎ ሜትር በ30 ደቂቃ ለሚገባ ልጅ 36 ሰከንድ ነው። ማጣሪያ ላይ በ36 ሰከንድ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚገባ የሮጠ ያውቀዋል።

ታምራት ቶላን አስታውሱ። በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ፣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተተካ፤ በ2:06:26 ገብቶ በኦሊምፒክ ሪከርድ ወርቁን ወሰደ። በሁለት ሳምንት ወርቅ የሚያመጣ አቅም አይገነባም፣ ቀድሞ የተሰራ ነው።

አንድ ነገር ግን እንንገራችሁ። ስትቀንሱ እግር ሊከብዳችሁ፣ ልብ ሊረበሽ ይችላል። ኪሎም ትንሽ ሊጨምር ይችላል፣ ግላይኮጅን ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ ነው እንጂ ስብ አይደለም። በዚህ ደንግጣችሁ ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው "እስቲ ራሴን ልሞክረው" ብላችሁ ሱሉልታ ሎንግ ራን እንዳትወጡ።