ዜሮ ሌላ፣ ዝምታ ሌላ

ቆጣሪ በወሩ መጨረሻ ስንት እንደበላን፣ የካርድ ከሆነም ስንት እንደቀረን ይነግረናል። እንጀራው ሲጋገር ስንት እንደሄደ፣ የውሃ ማሞቂያው ሌሊቱን ስንት እንደሳበ ግን ለይቶ አያሳይም። ይህን የሚያሳየው የቤት የፍጆታ መከታተያ ወይም ሴንሰር የሚባለው መሣሪያ ነው። ዋናው ክፍሉ ክላምፕ ይባላል፤ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ተከፍቶ ገመዱን አቅፎ የሚዘጋ ትንሽ ቀለበት ነው።

ክላምፑ ገመዱን አይቆርጥም፣ አይልጥም። በገመዱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ዙሪያውን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ በተለዋወጠ ቁጥር ቀለበቱ ላይ በተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ውስጥ ሌላ ኤሌክትሪክ ይነሳል። ማይክል ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይህንኑ ነው። በገበያ በብዛት የሚገኘው ዓይነት 100 አምፔሩን ወደ 50 ሚሊአምፔር ያወርዳል፤ 2,000 ጊዜ ያሳንሳል ማለት ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ሴንሰሩ ጋ የሚደርሰው 8 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። መሣሪያው ይህችን አስልቶ በዋይፋይ ወደ ስልካችን ይልካል።

አንድ ቀን ታዲያ ንባቡ ይቀራል። ብዙ ሰው ወዲያው «ተቃጠለ» ብሎ ይደመድማል። ከመደምደም በፊት ስልኩ ላይ ምን እንደሚታይ ማየት ይቀድማል። ዜሮ ከሆነ መሣሪያው ደኅና ነው፤ እየላከ ነው፣ ያጣው የሚለካውን ነው። ምንም ከሌለ ግን የተበላሸው መላላኩ ነው። ከሁለቱም የሚከፋው ቁጥሩ ባለበት ሲቆም ነው፤ አንዳንድ አፕሊኬሽን የመጨረሻውን ንባብ ይዞ ስለሚቀር፣ ከዋቱ ይልቅ የተመዘገበበትን ሰዓት ማየት ይሻላል።

ዝም ካለ ከራውተሩ መጀመር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሴንሰሩ በጥቂት ሰከንዶች ይነሳል፤ ራውተሩ ግን ደቂቃዎች ይፈልጋል። አንዳንዱ ሴንሰር ዋይፋይ ፈልጎ ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል፣ ደግሞም አይሞክርም። ራውተሩ እስኪነሳ ጠብቆ ሴንሰሩን አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ ሥራ የለውም። የይለፍ ቃል ወይም ራውተር ተቀይሮ ከሆነ እንደ አዲስ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሚያውቁ 5 ጊጋኸርዙን አያዩትም። ሴንሰሩ የተቀመጠበት የብሬከር ሳጥን ብረት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ብረቱ ዋይፋዩን ስለሚያግድ በሩ ሲከፈት ይሠራል፣ ሲዘጋ ይጠፋል። ይህን ያየ ሰው አዲስ ሴንሰር መግዛት የለበትም፤ አንቴናውን በኤሌክትሪሽያን ከሳጥኑ ያስወጣው። በባትሪ የሚሠራ ከሆነማ ባትሪውን መቀየር ነው።

ዜሮ ሲያሳይ ግን ነገሩ ክላምፑ ጋ ነው። በውስጡ ማለፍ ያለበት ፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ገመድ፣ ብቻ ነው። መመለሻው ኒውትራልም አብሮ ከገባ የሚሄደውና የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ይጣፋሉ፤ ምጣዱ እየጋገረ ንባቡ ዜሮ ይሆናል። ብሬከር ተቀይሮ ወይም ገመድ ተነካክቶ ከነበረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ቀለበቱ «ቀጭ» ብሎ ካልገጠመ፣ በሁለቱ ፊቶቹ መካከል አቧራ ከገባም ንባቡን ያሳንሳል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ቤታቸው የሚገቡት ሁለት ባለ 120 ቮልት ፌዞች ስለሆኑ ሁለት ክላምፕ ያስፈልጋቸዋል፤ አንዱ ከተላቀቀ ግማሹ ቤት ከሂሳቡ ይወጣል። ንባቡ ከዜሮ በታች ከወረደና ሶላር ከሌለ፣ ክላምፑ ላይ ያለው ቀስት የዞረ ይመስለኛል።

ክላምፑ ገመዱን እንዳቀፈ መሰኪያውን ከመሣሪያው አትንቀሉት፤ መከላከያ የሌለው ዓይነት ከሆነ ጫፎቹ ላይ አደገኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ራውተሩንና ባትሪውን ራሳችሁ ሞክሩ፤ ሳጥኑን ግን ለኤሌክትሪሽያን ተዉለት። ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ከቆጣሪው የሚመጣው ገመድ ኤሌክትሪክ አለበት።