ለፖሊስነት ሙያ የሚያስፈልግ መሠረታዊ የወንጀል ፍትሕ ዕውቀት

የፖሊስ ሙያን ለመቀላቀል የሚያስቡ ዜጎች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ዕድሜ፣ ስለ ትምህርት ደረጃና ስለ አካል ብቃት መመዘኛ ነው። እነዚህ መመዘኛዎች በየጊዜው በሚወጡ የምልመላ ማስታወቂያዎች ይገለጻሉ። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ማንኛውም የፖሊስ አባል ሥራውን በሕግ አግባብ ለመወጣት ሊይዘው በሚገባው መሠረታዊ የወንጀል ፍትሕ ዕውቀት ላይ ነው። ዕውቀቱ ተበድሎ ወይም ተጠርጥሮ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ለሚቀርብ ባለጉዳይም እኩል ይጠቅማል።

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ተማሪ ምሽት ላይ ታክሲ ስትጠብቅ ሞባይል ስልኳ ተወሰደባት እንበል። ተማሪዋ ፖሊስ ጣቢያ ከገባችበት ጊዜ አንሥቶ ፖሊሱ የሚወስደው እያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ ይመዘናል። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሥራ ከተበላሸ ተበዳይዋ ፍትሕ ልታጣ፣ ያልበደለ ሰውም ሊታሰር ይችላል።

የፍትሕ ተቋማት ድርሻ

ፖሊስ ወንጀልን ይከላከላል፤ ተፈጽሞ ሲገኝም ይመረምራል። ዐቃቤ ሕግ የምርመራውን ውጤት መዝኖ ክስ ይመሠርታል፣ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ያዛል ወይም በሕግ በተደነገጉ ምክንያቶች አያስከስስም ይላል። ጥፋተኝነትን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ማረሚያ ቤት ደግሞ የተወሰነውን የእስራት ቅጣት ያስፈጽማል። ስለሆነም አንድ የፖሊስ አባል የያዘው ሰው ተጠርጣሪ እንጂ ወንጀለኛ አለመሆኑን ዘወትር ማስታወስ ይኖርበታል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የፌዴራሉ መንግሥትም ሆነ ክልሎች የየራሳቸው የፖሊስ ኃይል አላቸው።

አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው መቼ ነው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 23 እንደሚደነግገው፣ አንድ ወንጀል ተቋቁሟል የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች በአንድነት ተሟልተው ሲገኙ ነው። በቀላል አገላለጽ፣ ድርጊቱ አስቀድሞ በሕግ የተከለከለ፣ በተግባር የተፈጸመና በሕጉ በሚጠየቀው የአሳብ ሁኔታ የተከናወነ መሆን አለበት። የራሱ መስሎት የሌላውን ስልክ ይዞ የሄደ ሰው ስልኩን ቢወስድም፣ ለመስረቅ ያላሰበ በመሆኑ ሞራላዊው ፍሬ ነገር ይጎድላል።

የድርጊቱ አፈጻጸምም የወንጀሉን ዓይነት ይለውጣል። የተማሪዋ ስልክ ሳታውቅ ከቦርሳዋ ተወስዶ ከሆነ ጉዳዩ በአንቀጽ 665 መሠረት ስርቆት ሊሆን ይችላል፤ ቅጣቱም እንደ ሁኔታው ቀላል እስራት ወይም ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ነው። ስልኩ የተወሰደው በኃይል ወይም በከባድ ዛቻ ከሆነ ግን በአንቀጽ 670 መሠረት ውንብድና ሊሆን ይችላል፤ ቅጣቱም ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ፖሊሱ «ስልክሽ እንዴት ተወሰደ?» ብሎ በጥንቃቄ መጠየቁና መልሱን እንደተነገረው መጻፉ ወሳኝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜም ሊጣራ ይገባል። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል ኃላፊ አይሆንም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ወጣት ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት ሲሆን፣ ጉዳዩም ለወጣቶች በተደነገገው ልዩ ሥርዓት ይታያል።

የምርመራ አጀማመር

በ1954 ዓ.ም. በታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ድርጊቱን በዐይኑ ባያይም እንኳ፣ ወንጀል መፈጸሙን ለፖሊስ የማመልከት መብት አለው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች ሲሆኑ ግን አቤቱታው ከተበዳዩ ወይም ስለ እርሱ ሆኖ ለማመልከት በሕግ ከተፈቀደለት ሰው መቅረብ አለበት። የቀረበው ቃል በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ቀን ይጻፍበታል፤ አመልካቹም ይፈርምበታል። ባለጉዳዮች ከመፈረማቸው በፊት የተጻፈው ቃል እንዲነበብላቸው ቢጠይቁ ይመከራል። ፖሊስም ነገሩ አጠራጣሪ ሆኖ ቢታየው እንኳ ምርመራ መጀመር አለበት።

ተጠርጣሪን መያዝና የ48 ሰዓት ገደብ

በመርሕ ደረጃ ሰው የሚያዘው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ያለ ትእዛዝ መያዝ የሚቻለው እጅ ከፍንጅ በሆነ ወንጀልና ሕጉ ለይቶ በዘረዘራቸው ሌሎች ሁኔታዎች ነው። በመያዝ ጊዜ የሚወሰደው የኃይል እርምጃም ከሁኔታው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው የሚሰጣቸው ዋና ዋና መብቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ የማወቅ፤
• ቃል ያለመስጠት፣ የሚሰጠው ቃልም በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል እንዲነገረው፤
• በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ፤
• እንዲያምን ወይም ማስረጃ የሚሆን ቃል እንዲሰጥ ያለመገደድ፤
• በሕግ ከተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር በዋስ የመፈታት።

ከ48 ሰዓቱ ስሌት ውጭ እንዲሆን ሕገ መንግሥቱ የፈቀደው ከተያዙበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገውን ተገቢ የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ስለሆነም ዓርብ ማታ የተያዘን ሰው «ሰኞ ይቀርባል» ብሎ መተው የሕግ ድጋፍ የለውም። ምርመራው ካልተጠናቀቀ ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። ፍርድ ቤቱ የጊዜ ቀጠሮ ሲፈቅድ እያንዳንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን መብለጥ የለበትም። በጥበቃ ሥር ያለ ሰው በአንቀጽ 21 መሠረት ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብትም አለው።

ብርበራና ማስረጃ

ቤት ለመበርበር በመርሕ ደረጃ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ትእዛዙ የሚፈለገውን ነገር ለይቶ ይጠቅሳል። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር ብርበራው የሚከናወነው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የተያዘን ሰው አካል የሚፈትሸው ተመሳሳይ ጾታ ያለው ሰው መሆን አለበት፤ ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት። የተገኘው ንብረት በዝርዝር ይመዘገባል፤ በተቻለ መጠንም ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል።

በምሳሌያችን ስልኩ ከተጠርጣሪው ኪስ ቢገኝ፣ መቼ፣ የትና በማን ፊት እንደተገኘ፣ ከዚያም በማን እጅ እንደቆየ በመዝገብ ካልታየ «ይህ ያው ስልክ ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ተጠርጣሪው ተደብድቦ ያመነ ከሆነም ቃሉ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ማስረጃ ሆኖ ተቀባይነት አይኖረውም። ኃይል መጠቀም የተያዘውን ሰው ይጎዳል፤ የተማሪዋንም ጉዳይ ያዳክማል።

ተጠያቂነት

የፖሊስ ሥልጣን ከኃላፊነት ጋር የተሰጠ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 መሠረት ከሕግ ውጭ ሰውን የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል። አንቀጽ 424 ደግሞ ተጠርጣሪን ወይም ምስክርን በማስፈራራት፣ በመደብደብ ወይም ሰብአዊ ክብርን በሚነካ ሌላ መንገድ ቃል መቀበልን ይከለክላል። በሕግ በተወሰነው ጊዜ ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው አካሉን ነፃ ለማውጣት ለፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የመብት ጥሰት የደረሰበት ሰው ለፖሊስ የበላይ ኃላፊዎች፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል።

ለእጩ ፖሊሶችና ለባለጉዳዮች

ፖሊስ ለመሆን የሚዘጋጅ ሰው ከሥልጠናው አስቀድሞ የሕገ መንግሥቱን ምዕራፍ ሦስት፣ የወንጀል ሕጉን ጠቅላላ ክፍልና ስለ ምርመራ፣ ስለ መያዝና ስለ ብርበራ የተደነገጉትን የሥነ ሥርዓት ድንጋጌዎች ቢያነብ ለሙያው ጽኑ መሠረት ይይዛል። ወደ ጣቢያ የሚሄድ ባለጉዳይም የሆነውን ነገር ጊዜውንና ቦታውን ለይቶ በቅደም ተከተል ማስረዳት፣ ያሉትን ማስረጃዎችና የምስክሮች ስም ማቅረብ፣ የመዝገቡንም ቁጥር ጠይቆ መያዝ ይጠበቅበታል። ሕጉን የሚያውቅ ፖሊስና መብቱን የሚያውቅ ዜጋ በተገናኙበት ጣቢያ፣ ስልኳን የተወሰደባት ተማሪም ሆነች በስህተት የተጠረጠረው መንገደኛ ፍትሕ የማግኘት ዕድላቸው የሰፋ ይሆናል።