“ኮምፒውተር አይዋሽም” ብዬ የሰው ልጅ በደልኩ

የሰው ስም በከንቱ አጥፍታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አጥፍቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልተስማማኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወላይታ ሶዶ የአጎቴ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ሶዶ መቼም የመንገድ መገናኛ ናት። ከአርባ ምንጭ የመጣው፣ ከሆሳዕና የመጣው፣ ወደ ሳውላና ወደ ተርጫ የሚወርደው ሁሉ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ዕቃችን ግን የሚመጣው ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ነው። በሆሳዕናም ይምጣ በሻሸመኔ፣ መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያለቀ ዕቃ ዛሬ ቢታዘዝ ዛሬ አይደርስም።

አጎቴ ለዓመታት የሠሩት በደብተርና በጭንቅላታቸው ነበር። እኔ ሂሳብ አያያዝ የተማርኩት ግን “ይሄማ ኋላ ቀር ነው!” ብዬ የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ አስጫንኩ። መዝጋቢው እኔ፣ ዕቃ አውራጁና ደርዳሪው አንድ ረዳታችን የነበረ ልጅ።

ጊፋታ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቆጠራ አደረግኩ። “ኩሽኔት 6205” ከሚለው ኮምፒውተሩ 31 አለ ይላል። መደርደሪያው ላይ ያለው 12 ብቻ። 19 ጎደለ! ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ እንዴት እንደናረ ታውቃላችሁ። ደሜ ፈላ። ልጁን ደንበኛ ፊት ጠራሁት።

“የት አደረስካቸው? አንተ ሌባ!”

“ጋሼ፣ እኔ አልነካሁም። እስቲ መዝገቡን እንደገና ይዩት።”

“ኮምፒውተር አይዋሽም!” አልኩት።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ደሞዙን እንኳ አልጠየቀም።

ከ3 ሳምንት በኋላ አንድ ሾፌር መጥቶ “ቤሪንግ 6205 አለ?” አለኝ። “ቤሪንግ” ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ያሳየኝ ቁጥር... ከዜሮ በታች 19! ክው አልኩ። ለካ ዕቃው ሲገባ “ኩሽኔት” ብዬ መዝግቤ፣ ሾፌሮቹ “ቤሪንግ” እያሉ ሲገዙኝ ደግሞ “ቤሪንግ” በሚል ሌላ ስም አውጥቼዋለሁ። 19ኙም በደረሰኝ ተሸጠዋል፤ ገንዘቡም ገብቷል።

ልጁን መናኸሪያ አካባቢ ጎሚስታ ቤት ሲሠራ አገኘሁት። አጎቴን ሽማግሌ አድርጌ ሄድኩ። ደሞዙን ተቀበለ፣ ይቅርታዬንም ተቀበለ። “ተመለስ” ስለው ግን፣

“ጋሼ፣ ሌባ ያሉኝ ሰው ፊት ነው። ይቅርታውን ማን ሰማ?” አለኝ።

መልስ አጣሁ።

እናንተ በሱቅና በመጋዘን የምትሠሩ ወጣቶች፣ ከእኔ ተማሩ። አንደኛ፣ አንድ ዕቃ አንድ ስም ይኑረው፤ እሱም ዕቃው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ይሁን። 6205ን ኩሽኔትም በሉት ቤሪንግ ያው ነው። እንዲያውም የመጨረሻው 05 በ5 ሲባዛ የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይነግራችኋል። ሁለተኛ፣ የማዘዣ ልክ አስቀምጡ። በቀን 2 የሚሸጥ ዕቃ ለመድረስ 4 ቀን ከፈጀ፣ እስኪደርስ 8 ያስፈልጋችኋል። መኪናው መንገድ ላይ ቢዘገይ ብላችሁ 4 መጠባበቂያ ጨምሩና 12 ሲቀር እዘዙ። ሦስተኛ፣ ቆጠራው ካልገጠመ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት የራሳችሁን ምዝገባ ፈትሹ። በተለይ ከዜሮ በታች የወረደ ቁጥር ካያችሁ፣ የሌለ ዕቃ አይሸጥምና ስህተቱ መዝገቡ ላይ ነው።

አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ ከአዲሱ ረዳታችን ጋር ሁለት ሆነን እንቆጥራለን። ሱቁ ደህና ነው። የድሮው ልጅ ግን አልተመለሰም። ስሙን እዚህ መጻፍ ባልችልም፣ በዚያን ቀን ሱቃችን የነበራችሁ ደንበኞች ይህን ካነበባችሁ እወቁልኝ፦ ልጁ ሌባ አልነበረም። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።