ያውቁ ኖሯል? ወደብ ለወደብ የዞረው መርዝ

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አምስተርዳም ላይ አንድ ሜትር ኩብ መርዛማ ዝቃጭ ለማስወገድ 1,000 ዩሮ ገደማ ሲጠየቅበት፣ ያንኑ የመርከብ ጭነት አይቮሪኮስት፣ አቢጃን ላይ በሜትር ኩብ በ35 ዶላር የሚረከብ እንደተገኘ ያውቁ ኖሯል? ጊዜው 2006፣ መርከቧ ፕሮቦ ኮዋላ፣ ተከራይዋም ትራፊጉራ የተባለው የነዳጅ ነጋዴ ነበር።

ዝቃጩ የመጣው ድኝ የበዛበትን ርካሽ የነዳጅ ውጤት እዚያው ባሕር ላይ በኮስቲክ ሶዳ ከማጠብ ነው። አምስተርዳም ላይ ጥቂቱ እንደተራገፈ ሽታው አካባቢውን አወከ፤ ዋጋውም ያኔ ናረ። ኩባንያው አልከፍልም አለ፤ የተራገፈው ተመልሶ ተጫነ፤ መርከቧም በኢስቶኒያና በሌጎስ አድርጋ ነሐሴ ውስጥ አቢጃን ደረሰች።

ተረካቢው ድርጅት ፈቃድ ካገኘ ገና ሳምንታት ቢሆነው ነው። ቦቴዎች ተከራይቶ፣ ዝቃጩን በሌሊት አኩዌዶ በሚባለው የቆሻሻ መጣያና በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ሌሎች ቦታዎች ደፋው። ነዋሪው የነቃው በበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነው። ራስ ምታት፣ ነስር፣ ትውከት፣ የቆዳ ቁስል... ከ100,000 በላይ ሰው ሕክምና ፍለጋ ወጣ። መንግሥት 15 ሰዎች ሞተዋል አለ፤ ኩባንያው ዝቃጩ ሰው አልገደለም ብሎ ተከራከረ። በ2007 ግን ጥፋተኝነቱን ሳያምን 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለአይቮሪኮስት ከፈለ።

ገንዘቡ ለተጎጂዎቹ ደረሰ? የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በ2023 ጥፋተኛ ያለው የአይቮሪኮስትን መንግሥት ነው። ከኩባንያው በተቀበለው ገንዘብ የካሳ ፈንድ እንዲያቋቁምም አዘዘ። ከ17 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

ነገሩ ግን አዲስ አልነበረም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት መርዛማ ቆሻሻ አፍሪካ ውስጥ መጣልን «ወንጀል» ብሎ የፈረጀው ግንቦት 1988 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። በቀጣዩ ወር ናይጄሪያ፣ ኮኮ በምትባል የወደብ ከተማ ከጣሊያን የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የመርዝ በርሜሎች ተገኙ። በርሜሎቹ ለተከማቹበት ግቢ ባለቤት የሚከፈለው ኪራይ በወር 100 ዶላር ነበር። ወሬውን ለአገራቸው ያደረሱት ጣሊያን የሚማሩ ናይጄሪያውያን ናቸው። በርሜሎቹ ወደ አውሮፓ ሲመለሱ ደግሞ በርካታ ወደቦች በራቸውን ዘጉባቸው።

በዚያው ዘመን ኪያን ሲ የተባለች ሌላ መርከብም የፊላደልፊያን የተቃጠለ ቆሻሻ አመድ ጭና «ማዳበሪያ ነው» በማለት 4,000 ቶን ያህሉን ሄይቲ ዳርቻ ላይ አራግፋለች። አመዱ ከዚያ የተነሳው በ2000 ነው። የቀረውን ጭነት ባሕር ላይ ደፍታ፣ ስሟን ሁለት ጊዜ ቀይራ፣ ሲንጋፖር ባዶዋን ደረሰች።