የእሱ ድርሻ

የእማማ የልጅ ልጅ የደወለችልኝ ስለ ወረቀት ነበር። «ሲስተር፣ አያቴ የትምህርት ወረቀቶቼን እየቀዳደደች ከሰል ምድጃ ላይ ትጨምራለች። ሁለተኛዋ ነው። ምን አስቀይሜያት ነው?» አለችኝ፤ ድምጿ ለቅሶ ለቅሶ ይላል።

አረጋውያን ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄድኩ የምከታተል ነርስ ነኝ። እንዲህ ያለ ስሞታ ብዙ እሰማለሁ። ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገኛል፣ ገንዘብ ጠፋ ተብሎ ሠራተኛ ትጠረጠራለች፣ በተጠጣ ቡና ላይ ሌላ ቡና ይቆላል። ወረቀት ማቃጠል ግን እንግዳ ሆነብኝ።

እማማ 86 ዓመታቸው ነው። የመጀመሪያ ቀን ሁሌም የምጠይቀውን ጠየቅሁ፦ መቼ ጀመራቸው? ቀስ እያለ ነው ወይስ በድንገት? ሰሞኑን ወድቀዋል? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲረሳ «ጃጁ» ብሎ መተው ይቀናናል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድባቴ፣ ከወደቁ በኋላ ራስ ቅል ውስጥ የሚቋጠር ደም ሁሉ ያስረሳሉ፤ ሁሉም ሕክምና አላቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ መቀባዠር ደግሞ ከሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የእማማ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ቀስ እያለ የመጣ ነው። ሐኪማቸውም መርምሮ አልዛይመር ብሎታል።

ምሳ ቀረበ። እማማ ከመቅመሳቸው በፊት ከእንጀራው ቆርሰው፣ ወጥ ጨመሩበትና በሳህን ከደኑት። «ይኼ የእሱ ነው» አሉ። የማን እንደሆነ ስጠይቃቸው አንድ የወንድ ስም ጠሩ። «እንዲህ የሚባል ሰው ቤታችን የለም» አለችኝ ልጅቷ በጆሮዬ። አባቷ፣ የእማማ ልጅ፣ የጠቀለለውን እንጀራ እንደያዘ ቀረ።

ሊሸኘኝ ወጥቶ ደጅ ላይ ነገረኝ። ታላቅ ወንድም ነበረው። በ1970 ዓ.ም.፣ በ19 ዓመቱ፣ ሌሊት መጥተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እሱ ያኔ 9 ዓመቱ ነው። ጊዜው የቀይ ሽብር ነበር፤ ለተገደለ ልጅ ማልቀስና ጥቁር መልበስ እንኳ የተከለከለበት። እናቱ በዚያው ሌሊት የልጁን መጻሕፍት፣ ደብተሮችና ፎቶግራፎች አንድም ሳያስቀሩ አቃጠሉ። ሲነጋ ትንሹን ፊታቸው አቁመው፣ «ከእንግዲህ ስሙን እንዳትጠራ፤ ወንድም የለህም» አሉት። እሱም ቃሉን ጠበቀ። ለሚስቱም ለልጁም ትንፍሽ አላለም። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፣ አንድ ቀን ብቻውን ገብቶ የተደረደሩትን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ አይቷል። «እንደማላገኘው አውቃለሁ እኮ፣ ሲስተር። ፎቶው የነበረው እኛ ቤት ብቻ ነው» አለኝ።

የወረቀቱ ነገር ያኔ ገባኝ። አልዛይመር ቀድሞ ከሚጎዳቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው፤ የዛሬውን ለነገ የሚያኖረው እሱ ነው። ስለዚህ የቁርሱ ይጠፋና የ1970ው ይቀራል። በሽታው የሚወስደው ሌላም ነገር አለ፤ አፍን መግታት። ምስጢር መጠበቅ ሥራ ነው፤ ለማን ምን እንዳሉ፣ የቱ ጋ ዝም እንደሚሉ በየቀኑ ማስታወስ ይፈልጋል። እማማ ይህን ሥራ 47 ዓመት ሠርተውታል። አሁን ከእጃቸው ወደቀ። ፍርሃቱ ግን አለ። የተጻፈበት ወረቀት ሲያዩ ያ ሌሊት ዛሬ ይሆንባቸዋል። ልጅቷ ቂም የመሰላት ነገር ለእሳቸው እሷን ማትረፍ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ተሳሳትኩ። ቡና እየጠጣን «ልጅዎን ማን ወሰደው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው አለቀሱ፤ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ያኔ እንደለመዱት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጥያቄዬን ረስተውታል። ሐዘኑ ግን እስከ ማታ አልለቀቃቸውም፤ ለምን እንደከፋቸው ሳያውቁ ከፍቷቸው ዋሉ። ነገሩ ቢረሳም ስሜቱ እንደሚቆይ ለቤተሰብ የማስተምረው እኔው ነኝ። ማወቅ የፈለግሁት እኔ፣ የከፈሉት እሳቸው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰቦችን የምለምነው፣ የታመመ ሰው አፍ ያመለጠውን ቃል ይዘው ምርመራ እንዳይጀምሩ ነው። ሌላ ቤት አንዲት እናት «ወልጄ ለሰው ሰጥቻለሁ» ብለው ልጆቻቸው ሊጣሉ ደርሰው ነበር፤ ኋላ ታሪኩ የሟች እህታቸው ሆኖ ተገኘ። አንጎል ሲደክም የጎደለውን ከሌላ ታሪክ እየወሰደ ይሞላል። ሴትዮዋ አልዋሹም፤ ራሳቸውም ያምኑታል። ግን «ትቃዣለች» ብሎ ማለፍም በደል ነው፤ የእማማ ልጅ ዝም ቢል ኖሮ እኔም እንደዚያ ብዬ እመዘግበው ነበር።

«ሞቷል ብዬ ልንገራት?» አለኝ ልጃቸው። አይሆንም አልኩት፤ በነገራቸው ቁጥር ልጁ ለእሳቸው እንደ አዲስ ይሞታል። «ይመጣል» ብሎ መዋሸቱን ደግሞ እሱ አልፈለገም። ናፍቆታቸው አጠገብ ተቀመጥ፣ ስለ ልጁ እንጂ ስለዚያ ሌሊት አትጠይቅ አልኩት። ክብሪቱ ተደበቀ፤ ልጅቷም ወረቀቶቿን ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ጀመረች።

ከወር በኋላ ምሳ ላይ ደረስኩ። ልጃቸው የወንድሙን ስም ጠራ፤ ሴት ልጁ እየሰማችው፣ ጮክ ብሎ። «እማዬ፣ ምን ይወድ ነበር?»

እማማ በሩን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቃሪያ አይወድም» አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ እንደገና ሄጄ ነበር። ልጅቷ ለሚከደነው ሳህን ሽሮ ስትጨልፍ፣ ቃሪያውን በማንኪያ ጫፍ እየለቀመች ወደ ዳር ታወጣ ነበር።