ቡና ሲርበው የሚጠራው

ተራኪ፦ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒም ሆነ ወደ ማጂ ሲኬድ የሚታየው ቀይ አፈር ለም ይመስላል፤ ጫካውም ይመሰክርለታል። ይሁንና አሲዳማ በሆነ ቀይ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረስን አንቀው ይይዙታል። ሥሩ በዙሪያው በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ያለውን ከጨረሰ በኋላ ቀሪው ወደ እሱ የሚደርሰው እጅግ በዝግታ ነው። ታዲያ የጫካ ቡና ያለ ማዳበሪያ እንዴት ኖረ? አንዱ ምክንያት በሥሩ ውስጥ የሚኖረው ማይኮራይዛ የተባለው ፈንገስ ነው። እጅግ ቀጫጭን የሆኑት ክሮቹ ሥር የማይገባበት ገብተው ፎስፈረስ ያመጣሉ፤ ቡናውም በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ስኳርና ቅባት ያካፍላቸዋል። ፈንገስ ሲባል የቡና ፍሬ በሽታ ብቻ ትዝ ለሚለው ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው።

ይህ ጉርብትና በጥሪ ይጀመራል። ፎስፈረስ ያጠረው ተክል ስትሪጎላክቶን የተባለ ሆርሞን ከሥሩ ወደ አፈሩ ይለቃል። ሳይንስ ይህን ሆርሞን መጀመሪያ ያወቀው በክፉ ሥራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ሲለይ የተነገረለት ጥገኛ አረም የሆነችውን የአቀንጭራን ዘር እንደሚያበቅል ነበር። ተክል ጠላቱን ለምን ይጠራል? በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ንጥረ ነገሩ የፈንገሱን ክር እንደሚያበራክት ሲያሳዩ ነገሩ ተገለጠ፦ ጥሪው ለወዳጅ ነበር፣ አቀንጭራ ጆሮ ጠቢ ናት። በ2008 ደግሞ ይኸው ሆርሞን በአተርና በሩዝ ላይ ቅርንጫፍ እንዳይበዛ እንደሚገታ ታወቀ፤ ከላይ ቁጠባ፣ ከታች ጥሪ። «እንግዲያው ጥሪውን መዝጋት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ያዳበሯቸው አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽላዎች ሌላ መልስ አላቸው። በ2017 እንደታወቀው፣ ተቋቋሚ ማሽላዎች በብዛት የሚለቁት ኦሮባንኮል የተባለውን ሌላ ዓይነት ስትሪጎላክቶን ነው። እሱ አቀንጭራን እምብዛም አይቀሰቅስም፤ ፈንገሱን ግን ይጠራል።

በቡና አገር ግን የሚያሳስበው የሚጠራው ፈንገስ መጥፋት ነው። ተመራማሪው ድሪባ ሙለታና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት፣ የፈንገሱ ስፖር ከዛፍ ጋር በሚበቅል ቡና ሥር ይበልጥ በዝቶ፣ ለብቻው በተተከለ ቡና ሥር ደግሞ አንሶ ተገኝቷል። ዋንዛን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎችም ከዚሁ የፈንገስ ወገን ጋር ስለሚኖሩ፣ ዛፉ ሲቆረጥ የፈንገሱ ቀለብ አብሮ ይቆረጣል። «ጥላ ያልበዛበትና ማዳበሪያ ያገኘ ቡና የበለጠ ያፈራል» የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ነገር ግን ፎስፈረስ የተትረፈረፈለት ተክል ሆርሞኑን ይቀንሳል፣ ፈንገሱንም ችላ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ የተወደደ ዓመት ገበሬው መመለሻ ያጣል። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ፈንገስ ፎስፈረስ አይፈጥርም፣ በጆንያ ተጭኖ የሄደውን አይተካም። ልክ ነው። ስለዚህ የቡና ገለፈትና ኮምፖስት ወደ ማሳው መመለስ አለበት፤ ማዳበሪያም የአፈሩ ጉድለት ታይቶ በልኩ ይጨመር። ችግኝ ሲፈላ ፕላስቲኩን በጫካ የላይኛ አፈር መሙላት ደግሞ ችግኙን ከአካባቢው ፈንገስ ጋር ከሕፃንነቱ ያላምደዋል፤ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ አፈር ይህን ያህል አይሰጥም። ጫካው በቅርብ እስካለ ድረስ በፓኬት የታሸገ ፈንገስ ከውጭ የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም።